ዋይፋይ እምቢ ላለው ላፕቶፕ፦ ስለ ዋይፋይ ካርድ፣ ስለ ዶንግልና ስለ ሞደም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላፕቶፕ እኛ ቤት ብዙ ዓመት ይኖራል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። ታላቅ ተምሮበት ለታናሽ ያወርሰዋል። ባትሪው ይቀየራል፣ ቻርጀሩ ይቀየራል፣ እሱ ግን ይቀጥላል። አንድ ቀን ዋይፋይ አልይዝ ሲል ግን "በቃ አለቀለት" ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኢንተርኔት የሚያስገባው ክፍል፣ ዋይፋይ ካርድ የሚባለው፣ ከላፕቶፑ ዕቃዎች ሁሉ በቀላሉ ከሚተኩት አንዱ ነው። ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ደጋግሞ የሚመጣልኝን ጥያቄ ከነመልሱ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ላፕቶፔ አንድም ዋይፋይ አያሳይም። ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት።

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ላፕቶፗ ዋይፋይ አልይዝ አላት። አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። "ማዘርቦርዱ ነው፣ መቀየር አለበት" አሏት። የጠየቋት ገንዘብ ላፕቶፑ ራሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው የማይተናነስ ነው። እያለቀሰች ደወለችልኝ። ይዛው መጣች፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠርዙን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ከፊት ለፊት፣ መዳፍ ከሚያርፍበት ሥር፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል የምትንሸራተት ማብሪያ አገኘሁ። ወደ ግራ ተገፍታለች። ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ ነው የተገፋችው። ወደ ቀኝ መለስኳት። ሰማያዊ መብራት በራ። የሰፈሩ ዋይፋይ ስም ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ልጅቷ ማመን አቃታት።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙን ዳስሱ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች እንዲህ ያለ ማብሪያ አላቸው። ማብሪያ ከሌለ ከኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ኤፍኤን ከሚለው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ተጫኑት። ኤርፕሌን ሞድ በርቶ እንደሆነም እዩ።

ከዚያ የላፕቶፑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። የዊንዶውስ ምልክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ታገኙታላችሁ። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሥር የዋይፋይ ካርዱ ስም አለ? ስሙ ኖሮ ወደ ታች የምታይ ትንሽ ቀስት ካለችበት ተዘግቶ ነው፤ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ኢኔብል በሉት። ቢጫ ቃለ አጋኖ ካለበት ጥርጣሬዬ ድራይቨሩ ላይ ነው፤ ድራይቨር ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዝዘው የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ላፕቶፑን አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ከዚያ የላፕቶፑን ዋና ማብሪያ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጡ የቀረው ኃይል ሲወጣ ተደብቆ የነበረ ካርድ ተመልሶ ሲታይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህም ካልሠራ ያኔ ስለ ዕቃ እናውራ።

ዊንዶውስ አስጭኜ ዋይፋዩ ጠፋ። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ድራይቨሩ። እንዴት ልውጣ?

የስልካችሁ የቻርጀር ገመድ ያወጣችኋል። አንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። ስልኩ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ የሚለውን ክፈቱ። ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ 10ና 11 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያዩታል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ገመዱ ግን ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። አንዳንድ ርካሽ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ አማራጩ አልበራ ካላችሁ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ በገመዱ የሚያስተላልፈው ያንኑ ዋይፋይ ነው። የሞባይል ዳታችሁን አይነካም። ለጊዜው ስልኩ ራሱ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ ሆነ ማለት ነው። ካርዱ የሞተበት ተማሪ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ ሳምንቱን በዚህ መንገድ ሊሠራ ይችላል። አይፎን ያላችሁ ግን ዊንዶውሱ ላይ የአፕልን ድራይቨር ቀድማችሁ መጫን ይኖርባችኋል።

ካርዱ በእርግጥ ከሞተ ቀላሉ መፍትሔ ምንድን ነው?

ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ ዶንግል። ካቻቢቴ አያስፈልግም፣ ጥገና ቤት አያስፈልግም።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያወጡላችሁ የጥፍር መጠን ያላት ጥቁሯን ነው። ላዩዋ ላይ 150 ሜጋቢት ይላል። እሷ የምትሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ነው። አንቴናዋም እንደ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ከራውተሩ ሁለት ግድግዳ ከራቃችሁ ትደክማለች። ለኢሜይልና ለቴሌግራም ትበቃለች። ብዙ ራውተር በተጨናነቀበት ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ግን 5 ጊጋኸርዝም የሚይዘውን፣ ሳጥኑ ላይ ዱዋል ባንድ የሚለውን ግዙ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይሻገራል። ግን የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ የሚጋሩት መንገድ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ይሰንፋል።

ሌላም ምክር አለኝ። ዶንግሉን ውስጡ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ሰክታችሁ አጠገቡ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አታስገቡ። የዩኤስቢ 3 ዕቃ ዳታ ሲያስተላልፍ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ሁካታ ይፈጥራል። ፊልም ስትገለብጡ ዋይፋዩ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ዶንግሉን በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ራቅ ማድረግ ነገሩን ያስተካክለዋል።

የውስጡን ካርድ ራሱን መቀየር እችላለሁ?

በብዙ ላፕቶፖች አዎ። እኔም ከዶንግል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ከጎን የሚወጣና የሚሰበር ነገር የለም፣ አንቴናውም ስክሪኑን ዙሪያ የተዘረጋው ትልቁ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ።

አንደኛ፣ የቀዳዳው ዓይነት። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ እስከ 2013 አካባቢ የተሠሩት በአብዛኛው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው ያላቸው። ከዚያ ወዲህ ኤም.2 መጣ። የኤም.2 ዋይፋይ ካርድ በብዛት 22 በ30 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት የድሮ ትልልቅ ሲም ካርዶች ጎን ለጎን ያክላል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አንዳንድ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ካርዱ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጡት። እነሱ ላይ አትድከሙ፣ ዶንግል ግዙ።

ሁለተኛ፣ የኢንቴል ካርድ ስትገዙ ቁጥሩን በደንብ አንብቡ። ኤኤክስ 200ና ኤኤክስ 210 ራሳቸውን የቻሉ ካርዶች ናቸው። ኤኤክስ 201ና ኤኤክስ 211 ግን የሥራውን ግማሽ ለላፕቶፑ ፕሮሰሰር የሚተዉ ናቸው። ተስማሚ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ለዚያ የተዘጋጀ ቀዳዳ ካላገኙ አይሠሩም። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን የኤኤምዲ በሆነ ላፕቶፕ ላይ 201ን ብትሰኩ በድን ነው። በመልክ አይለዩም። ልዩነቱ አንድ ቁጥር ነው፣ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ላፕቶፕ የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም። የቆዩ ቲንክፓድ የሚባሉት ላፕቶፖችና የኤችፒ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አላቸው። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ካርድ ስታስገቡ ቲንክፓዱ 1802 የሚል ቁጥር፣ ኤችፒው ደግሞ 104 የሚል ቁጥር ያለበት መልእክት አውጥቶ መነሣት እምቢ ይላል። ካርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ አውጡትና የሞዴሉ የተፈቀደ ካርድ የትኛው እንደሆነ ፈልጉ። ባለንብረቱ በራሱ ዕቃ ላይ መፈቀድ ነበረበት ብዬ አምናለሁ፣ ግን ያለው እውነት ይህ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። ባትሪው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈታችሁ ገመዱን ከቦርዱ ንቀሉት። ቪቶቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ከላይ ያለውን ኪቦርድ ሊወጋ ይችላል። እኔ የላፕቶፑን ጀርባ ወረቀት ላይ ሥዬ እያንዳንዱን ቪት ቦታው ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ። ካርዱን የያዘውን አንዱን ቪት ስትፈቱ ካርዱ ራሱ ቀና ይላል፤ በዚያው ዘንበል እንዳለ ስባችሁ አውጡት። ላዩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ወይም ግራጫ። አንቴናዎቹ እነሱ ናቸው። ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። በጥፍራችሁ ከክቧ ጫፍ ሥር ገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። አዲሱ ላይ ስታስገቡት በቀዳዳዋ ልክ አስቀምጡና በጣት ጫን አድርጉ፤ ጠቅ ትላለች። ጠቅ ካላለች አልገባችም። ጫፎቹ ብዙ ጊዜ እንዲወጡና እንዲገቡ የተሠሩ አይደሉም፤ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ አትሞክሩበት።

ካርዱ ብዙ ጊዜ ብሉቱዝንም አብሮ ስለሚይዝ አሮጌው ሲወጣ ብሉቱዙም አብሮ ይሄዳል። አዲሱን ስትገዙ ሁለቱንም የያዘ መሆኑን እዩ።

ቤቴ ዋይፋይ የለም። የሲም ሞደም ልግዛ ወይስ በስልኬ ሆትስፖት ልጠቀም?

አልፎ አልፎ ከሆነ ስልካችሁ ይበቃል። ስልክን በየቀኑ ለሰዓታት ሆትስፖት ማድረግ ግን ያግለዋል፣ ባትሪውን ያደክመዋል። ስልክ ሲደወልም ኢንተርኔቱ የሚቋረጥባችሁ አላችሁ።

ዩኤስቢ ሞደም ሲም ገብቶበት ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ ይወስዳል። ጥያቄው 3ጂ ነው ወይስ 4ጂ የሚለው ነው። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለው እንደ ሁዋዌ ኢ173 ያለው የ3ጂ ሞደም ጣሪያው በሰከንድ 7.2 ሜጋቢት ነው። የ4ጂው ኢ3372 እስከ 150 ሜጋቢት ይይዛል። ኔትወርኩ ያን ሁሉ አይሰጣችሁም፤ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የድሮ ሲዲኤምኤ ሞደም ካላችሁ ደግሞ በ4ጂ ሲም እንዲሠራ አትጠብቁ፤ ቴክኖሎጂው ጭራሽ ሌላ ነው።

እኔ ለቤተሰብ የምመክረው ባትሪ ያለውን የኪስ ዋይፋይ ነው። ሲሙን ትከቱበታላችሁ፣ ለብዙ ሰው ዋይፋይ ያድላል። የላፕቶፑ ዋይፋይ መሥራት አለበት እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ዋናው ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ነው። ራውተሩ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሲሞት እሱ ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል። ላፕቶፑም የራሱ ባትሪ አለው፤ ሥራ አይቆምም።

ሞደሙን ስሰካው እንደ ሲዲ ነው የሚታየው። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ድራይቨሩን ውስጡ ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ራሱን እንደ ሲዲ ያስተዋውቃል። ሲዲውን ክፈቱና ፕሮግራሙን ጫኑ፣ ከዚያ ወደ ሞደምነቱ ይለወጣል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለውን ጫኑ። አንዳንድ የ4ጂ ሞደሞች ደግሞ ፕሮግራም አይፈልጉም፤ ብራውዘር ከፍታችሁ 192.168.8.1 ብላችሁ ስትጽፉ ገጻቸው ይመጣል። ኤፒኤን የሚለውን ቦታ፣ ማለትም ሞደሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን የመግቢያ ስም፣ ሲም የሰጣችሁ ድርጅት በሚነግራችሁ ስም ሙሉት። ሲም ገብቶ፣ ምልክት ሞልቶ ኢንተርኔት ከሌለ ቀድማችሁ የምታዩት ይህን ቦታ ነው።

ሞደሙ በየአምስት ደቂቃው ይቋረጣል። ለምን?

ብዙ ጊዜ ኃይል አንሶት ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ምልክት ደካማ በሆነበት ቦታ ሞደሙ ታወሩን ለመድረስ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ብዙ ይጠጣል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ወይም ለአራት ዕቃ በምትከፋፈል ማባዣ ላይ ከሰካችሁት ኃይሉ ይጎድልና ይወድቃል። ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ሌላም ቀዳዳ ሞክሩ። ከዚያ አጠር ያለ ጥሩ የማራዘሚያ ገመድ ገዝታችሁ ሞደሙን መስኮቱ ላይ አስቀምጡት። ቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ባለበት ቤት ሁለት ሜትር መንቀሳቀስ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ወንድሜ ከአሜሪካ የሲም ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ላከልኝ። ሲም ልክተትበት?

ክተቱ፣ ግን ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ውስጡ ሞደም አለ ማለት አይደለም። ፋብሪካው አንድ ዓይነት ቅርፊት ለሁሉም ይሠራል፤ የሞደም ካርዱን የሚጨምረው ለከፈለ ብቻ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሞባይል ብሮድባንድ የሚል ስም ፈልጉ። ከሌለ ቀዳዳው ባዶ ቤት ነው።

ሞደሙ ካለ ሁለት መሰናክል ሊገጥመው ይችላል። አንዱ ቁልፍ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የስልክ ድርጅት ኮንትራት የተሸጠ ሞደም የሌላ ድርጅት ሲም ላይቀበል ይችላል። ሌላው የሞገድ ባንድ ነው። በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ባንድ 3 የሚባለው 1800 ሜጋኸርዝ ለ4ጂ በብዛት ያገለግላል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ የቆዩ ሞደሞች 2፣ 4፣ 12 እና 13ን ይዘው 3ን ሊተዉ ይችላሉ። ሰው ከውጭ ሞደም እንዲያመጣላችሁ ስትጠይቁ "ቁልፍ የሌለው፣ ባንድ 3 ያለው" በሉት። ከገልፍ አገሮች ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በባንዱ በኩል ብዙም አያስቸግርም።

ሞደም ላይ ስገባ የወር ጥቅሌ በአንድ ማታ አለቀ። ማን በላው?

ዊንዶውስ። ስልክ ዳታ እንደሚቆጠር ያውቃል፤ ላፕቶፕ ግን ዋይፋይ ሲያገኝ ያልተገደበ መስሎት አፕዴቱን ያወርዳል፣ ፋይሎቻችሁን ዋንድራይቭ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይጭናል። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ። የተገናኛችሁበትን ስም ነክታችሁ ሚተርድ ኮኔክሽን (የሚቆጠር ዳታ ማለት ነው) የሚለውን አብሩ። ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ስም ለየብቻው ነው የሚበራው፣ አንዴ ካበራችሁት ያስታውሰዋል። ሞደም ለገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማደርግለት ይህንን ነው።

የአባቴ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ ካርድ የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ አለው። ለምን ነበር?

እሱ ፒሲኤምሲአይኤ ይባላል። ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1989 ከተቋቋመው ማኅበር ነው። ካርዱ ስፋቱና ርዝመቱ የባንክ ካርድ ነው፣ ውፍረቱ ግን እንደ ዓይነቱ 3.3፣ 5 ወይም 10.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ያኔ ላፕቶፕ ሲሠራ ሞደምም ዋይፋይም ላይኖረው ይችላል፤ ሰው የሚጨምረው በዚህ ቀዳዳ ነበር። የስልክ መስመር የሚሰካበት ጫፍ ከካርዱ ውስጥ እንደ መሳቢያ የሚወጣላቸው የሞደም ካርዶች ነበሩ። ፍጥነታቸው ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነው። ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ 3 ሜጋባይት ፎቶ በዚያ ፍጥነት ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ያውም መስመሩ ካልተቆረጠ፣ ቤት ያለ ሰውም ስልኩን ካላነሣ።

ዋይፋይ መጀመሪያ የተስፋፋው በእነዚሁ ካርዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደረጃ 11 ሜጋቢት፣ በ2003 የወጣው 54 ሜጋቢት ነበር። በዚያው በ2003 ኢንቴል ፕሮሰሰርና ዋይፋይን አንድ ላይ ያቀረበውን ሴንትሪኖን ሲያወጣ ዋይፋይ ላፕቶፕ ውስጥ ተሠርቶ መምጣት የተለመደ ሆነ፣ ቀዳዳው ሥራ እየፈታ ሄደ። በኋላ ኤክስፕረስ ካርድ የሚባለው ጠባቡ ተተካ፣ እሱም ብዙ አልቆየም።

ዛሬ ያን የመሰለ ካርድ ብታገኙ ይሠራል ወይ ብትሉኝ፣ እንጃ አይመቻችሁም እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ ደብሊውፒኤ 2 የሚባለውን የይለፍ ቃል ጥበቃ አያውቁም። የቤታችሁን ራውተር ለእነሱ ብላችሁ ጥበቃውን ዝቅ ማድረግ ደግሞ በር ከፍቶ መተኛት ነው። ላፕቶፑ ዩኤስቢ 2 ካለው ዶንግል ሰኩለት።

ልገዛ ልሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ ምን ላድርግ?

ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። "ሁሉም ላይ ይሠራል" የሚል መልስ አትቀበሉ። ዶንግል ከሆነ እዚያው ሰክታችሁ ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙት። ስልካችሁን 5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት ላይ አድርጉና ስሙ ላፕቶፑ ላይ ይመጣ እንደሆነ እዩ፤ ዱዋል ባንድ ተብሎ የተሸጠ ካልያዘው መልሱለት። ሞደም ከሆነ የራሳችሁን ሲም አስገቡ፣ ሌላ ድርጅት ሲም ያለው ጓደኛ ካለም የእሱን ሞክሩ። ድራይቨሩ በሲዲ ከመጣና ላፕቶፓችሁ ሲዲ ማንበቢያ ከሌለው ከሱቁ ሳትወጡ ፍላሽ ላይ አስገልብጡት።